ልጅ ታቅፈን ያነጋነው ሌሊት ከጾሙ ይቆጠራልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጾም ሰሞን የሚታተሙ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለሚጾመው፣ ስለሚሰግደውና በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚገሠግሠው ሰው ነው። ይህ መልካም ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። ዛሬ ግን እስቲ ስለ ሌላ ሰው እንነጋገር። ደወሉ ሲደወል እንደ ሌላው ሁሉ ነቅታ ስለሰማች፣ መሄድ ግን ስላልቻለች እናት። ልጁ በትኩሳት ስለነደደበት ነጠላውን ከተሰቀለበት ሳያወርድ ስለነጋበት አባት።

እነዚህን ሰዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ምናልባት ይህን ጽሑፍ በአንድ እጅሽ ይዘሽ በሌላው ልጅ የምታባብዪው አንቺው ነሽ። ምናልባትም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገዝተህ ለባለቤትህ የወሰድክላት አንተ ነህ። በትንሣኤ ማግስት ሰው ሲጠይቃቸው የሚሉት ተመሳሳይ ነው። «ዘንድሮስ ጾሙ እንዲሁ አለፈኝ። ኪዳን አልደረስኩ፣ ስግደት አልሰገድኩ፣ ልጁ ቀኑንም ሌሊቱንም ወሰደብኝ» ይላሉ።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው። የታመመ ሕፃን ታቅፎ የነጋ ሌሊት ከጸሎት የተሰረቀ ሌሊት ነውን? ወይስ እርሱ ራሱ ጸሎት ነው? ነገሩ ቀላል ይመስላል። መልሱን ስንስት ግን ሁለት ክፉ ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እናቲቱ ያለ በደሏ ከእግዚአብሔር የራቀች ይመስላትና ተስፋ ትቆርጣለች። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ያጣና የደከመ ሰው ለመከራው ጥፋተኛ መፈለግ ይጀምራል። ጥፋተኛ ፍለጋው ደግሞ መጨረሻው ሕፃኑ ላይ ሲያርፍ ታይቷል። ይህ ሁለተኛው በአገራችን፣ በደቡብ ኦሞም ጭምር፣ የሕፃናት ነፍስ ያስከፈለ ነገር ነው። ወደዚያ እንደርሳለን።

ሐና ወደ ሴሎ ያልወጣችበት ዓመት

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ መጀመሪያ ላይ የሐናን ታሪክ እናገኛለን። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ልጅ አጥታ ማልቀሷ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት መገሠጹ፣ በኋላም ሳሙኤልን መውለዷ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ነገር ግን ዘለን እናልፈዋለን። ባሏ ሕልቃና በየዓመቱ እንደሚያደርገው ከነቤተ ሰቡ ሊሠዋ ወደ ሴሎ ሲወጣ ሐና አልወጣችም። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ ከቤት ለመቆየት ወሰነች።

ልብ እንበል። በዚያ ዓመት ወደ ሴሎ መውጣት የሚገባው ሰው ቢኖር ከሐና በፊት ማን ነበር? ያለቀሰችበት ቦታ ነው። የተሳለችበት ቦታ ነው። የተሰማችበትም ቦታ ነው። ጎረቤት ቢያማት «መለመኑን ታውቅበታለች፣ ሲሰጣት ጊዜ ግን ቀረች» ሊላት ይችል ነበር። እርሷ ግን ቀረች። ባሏም አልተቆጣትም፤ ፈቃዷን አከበረላት። መጽሐፉም አይወቅሳትም። ለምን ይሆን? ለእግዚአብሔር እሰጠዋለሁ ያለችው ስጦታ እኮ እቅፏ ውስጥ ነበር። ማጥባቷ ስእለቷን ማዘጋጀት እንጂ ከስእለቷ መሸሽ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳንስት። ሐና ቀርታ አልቀረችም። ልጁ ጡት ሲተው ይዛው ወጣች። ስለዚህ ይህ ታሪክ ልጁ ድኖ፣ እየሮጠና እየተጫወተ ሳለ «ልጅ አለብኝ» እያሉ ከቤት ለመቅረት ሰበብ አይሆንም። የሚያስተምረን ለሁሉም ጊዜ አለው የሚለውን ነው። የታመመ ልጅ ባለበት ሌሊት ቦታሽ ልጅሽ አጠገብ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም ይህን ያውቃል። ወንድ የወለደች እናት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እስኪሞላት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። የዚህ ሥርዓት ምሥጢር ሰፊ ነው። በኑሮ ሲታይ ግን አራስ እናት ገላዋ የሚጠገንበትና ከልጇ ጋር የምትተዋወቅበት ጊዜም ሆኖላታል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕመም ያለበትን ሰው ጤነኛው በሚለካበት አይለካውም። የምታጠባ እናትም ጾሙን በምን መጠን እንደምትይዝ ለብቻዋ መወሰን ወይም በጎረቤት ወሬ መጨነቅ የለባትም፤ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። በእልህ ጹማ ወተቷ ቢቀንስ፣ የጾመው ሕፃኑ ነው። ሕፃን ደግሞ እንዲጾም ያዘዘ አባት የለም።

ሳንመርጠው የመጣብን ነገር ምግባር ይሆናልን?

አሁን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። «ጾምና ስግደት እኮ ሰው በፈቃዱ የሚያደርጋቸው ናቸው። ልጅ ታሞ መንቃት ግን ፈቃድ አይደለም። ማን ፈልጎ ይነቃል? ልጁ ስላለቀሰ ነው። ተገዶ ያደረገው ነገር እንዴት ምግባር ይባላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በችኮላ ልናልፈው አይገባም።

የቀሬናውን ስምዖንን እናስታውስ። ስምዖን መስቀሉን ልሸከም ብሎ አልመጣም። ከገጠር ሲመለስ መንገድ ላይ ወታደሮች ይዘው አስገደዱት። በዚያን ቀን ሐሳቡ ወደ ቤቱ መግባት ነበር። እኛ ግን እስከ ዛሬ ስሙን በስቅለት ዕለት እናነሣለን። ሸክሙን አልመረጠም፤ ተሸክሞ ግን እስከ ጎልጎታ ሄደ። ስለዚህ አንድ ነገር ምግባር የሚሆነው በአመጣጡ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሳንመርጠው በመጣብን ነገር ውስጥ ገና የምንመርጠው ይቀራል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጁ ሲያለቅስ መንቃትህን አልመረጥክም። ከነቃህ በኋላ ግን ፊትህን ወደ ግድግዳ ማዞር ወይም መነሣት የአንተ ምርጫ ነው። አንቺም ልጁን ስታነሺው በእርግማን ወይስ በርኅራኄ እንደምታነሺው ምርጫሽ ነው። እንዲያውም የፈቃድ ጾም አንዳንዴ ከውዳሴ ከንቱ ጋር ይደባለቃል፤ ሰው ያየዋል፣ ያደንቀዋል። የሌሊቱን መንቃት ግን ማን ያየዋል? ሕፃኑ እንኳ አድጎ አያስታውሰውም። ዋጋ የማይጠየቅበት ፍቅር ካለ ይህ ነው።

መትጋት ማለት ማየት ነው

«ትጋት» የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው ሥራ ከመውደድ ጋር ነው። በግእዝ ግን ሥሩ መንቃት፣ አለማንቀላፋት ነው። መላእክትን «ትጉሃን» የምንላቸውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዓይን ስለተገለጠ ብቻ ሰው ተጋ አይባልም። ቁጭ ብሎ ያደረ፣ ነገር ግን ሐሳቡ በቁጣና በሐሜት ሲዞር ያደረ ሰው ነቅቶ አደረ እንጂ አልተጋም። የተጋ ሰው ፊቱ ያለውን ያያል። ሕፃኑን ያያል፤ ባለቤቱን ያያል፤ የራሱንም ድካም ያያል።

ሕፃኑን ማየት ምን ማለት ነው? ዝም ብሎ ማፍጠጥ አይደለም። ልጁ ረጋ ባለ ጊዜ ልብሱን ገልጠሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ሆኖ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ወደ ሕክምና ይወሰድ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ ደግሞ ሊነጋ ነው ተብሎ አይጠበቅም። ዕድሜው 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ወይም ገላው ከቀዘቀዘም እንደዚሁ ነው። ተቅማጥ ከሆነ በብዙ ቤት «ለምለም» የምንለውን ንጥረ ነገር አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ ጡቱንም አለማቋረጥ ነው። ዚንክ ከታዘዘለት ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን መጨረስ አለበት።

ይህን በመንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ማንበባችሁ አይግረማችሁ። ትንፋሽ እየቆጠሩ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ይቻላል። መቁጠሩ ጸሎቱን አያፈርሰውም፤ ጸሎቱም መቁጠሩን አያሳስተውም።

በጂንካና በአካባቢው ላላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የዐቢይ ጾም ማገባደጃ ከዝናቡ ጋር ይገናኛል፤ ዝናቡን ተከትሎ ደግሞ ወባ ይመጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች የሆነ ቦታ በአገራችን ወባማ ተብሎ ይቆጠራል። የጂንካ ከተማም፣ የሐመርና የዳሰነች ቆላም ከዚህ በታች ናቸው። ስለዚህ ትኩሳት ያለው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከየአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው እንዲመደቡ የተደረገው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ጤና ኬላው ሩቅ የሆነበት ሰው መንገዱ እንደሚከብደው እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው ጎረቤት ያስፈለገው።

ጠበልና መድኃኒት

«እምነት ካለሽ ለምን ሐኪም ቤት ትሮጫለሽ?» የሚሉ አይጠፉም። ለእነዚህ ሰዎች የንጉሡን የሕዝቅያስን ታሪክ እናስታውሳቸው። ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚድን የእግዚአብሔርን ቃል ነገረው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። እንደሚድን ከእግዚአብሔር የተነገረው ሰው የበለስ መድኃኒት ተደረገለት። መድኃኒቱ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ያዝዘው ነበርን?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሰው ጠበል ገብቻለሁ ብሎ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባቆመ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለትልቅ ሰው የተባለው ለሕፃን ይበልጥ ይሠራል። ትልቁ ሰው ቢያንስ ለራሱ ይመርጣል፤ ሕፃኑ ግን የሚመርጥለት አንቺና አንተ ብቻ ናችሁ።

የጂንካ ሰዎች ይህን ትምህርት በከባድ መንገድ አይታችሁታል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተረጋግጦ ተነገረ። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል። ይህ በሽታ ክፋቱ የሚተላለፈው በታማሚው ላብ፣ ደም፣ ትውከትና በመሳሰለው ፈሳሽ መሆኑ ነው። ይኸውም ታማሚውን የሚይዝ፣ የሚያጥብ፣ የሚያቅፍ ሰው ይጎዳል ማለት ነው። በበሽታው ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። የራሳቸው ያልሆነ በሽተኛ አስታመው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሌሊት በሆስፒታል ተረኛ ሆና የሰው ልጅ ስታስታምም ያደረች ነርስ እቤቷ የራሷ ልጅ አለ። ፍቅር ማለት ዘሎ ማቀፍ ብቻ አለመሆኑንም ያ ሰሞን አስተማረ። እጅን መታጠብ፣ ጓንት ማድረግ፣ ቶሎ መናገር፣ መለየት፣ ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ጥንቃቄ የፍቅር ተቃራኒ አይደለም።

«ጥፋቱ የማን ነው?»

አሁን ከላይ ወዳልነው ሁለተኛው ክፉ ነገር እንምጣ። ሌሊቱ ሲረዝም፣ ልጁ ሲብስበት፣ የደከመ አእምሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ይህ ለምን መጣብኝ? ጥፋቱ የማን ነው?» ይላል።

በደቡብ ኦሞ በካራ፣ በሐመርና በበና ማኅበረሰቦች ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ነገር እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የወጣ ሕፃን፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም በባህሉ ሥርዓት ሳይባረክ የተፀነሰ ልጅ በማኅበረሰቡ ላይ ድርቅ፣ በሽታና መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ እንዲሞት ይደረግ ነበር። እስቲ የእናቲቱን ሌሊት አስቡት። ሌላ እናት ልጇ ጥርስ ሊያወጣ ሲነጫነጭ «መቼ ብቅ ይልልኝ» እያለች ትጠብቃለች። የዚያች እናት ጥበቃ ግን ፍርሃት ነው። ድዱን በጣቷ ስትዳስስ የምትፈልገው ጥርስ ከታች እንዲሆን ብቻ ነው። ከላይ ከሆነ ልጇን ታጣለች። እነዚህ እናቶች ፍቅር አልጎደላቸውም፤ አልቅሰዋል። የጎደላቸው ልጁን እንዲይዙ የሚፈቅድላቸው ሰው ነበር።

ከካራ ተወላጆች መካከል ቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ ላሌ ላቡኮ ነው። እርሱ ሳይወለድ ሁለት እህቶቹ በሚንጊ ምክንያት መገደላቸውን ከእናቱ የሰማው በጉርምስናው ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቶችንና ሽማግሌዎችን እያነጋገረ ሚንጊ የተባሉ ሕፃናትን መታደግ ጀመረ። ልጆቹ በጂንካ በተከፈተ ቤት አደጉ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ይህን ልማድ ለማስቀረት ወሰኑ። ውሳኔው የመጣው ከራሳቸው ልጅ በሰሙት ቃልና ከራሳቸው ሽማግሌዎች ምክር ነው። ልጆቹም አደጉ፤ ይመጣል የተባለው መቅሠፍት በእነርሱ ጥርስ አልመጣም።

አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ራሳችንን እየነቀነቅን «ምን ዓይነት ጨለማ ነው!» እንላለን። ቆይ እንጂ! እኛስ? በደጋው፣ በከተማው፣ መስቀል በአንገቱ ባሰረው ወገን መካከል ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ በስለት ሲነቀስ፣ ገና ያልወጣ ጥርሱ ሲነቀል አልኖረምን? ሲያስለው እንጥሉ ሲቆረጥ አልኖረምን? ከዚህ የተነሣ ደም ፈስሷቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞባቸው ያለፉ ሕፃናት ስንት ናቸው! ሁለቱም ጋ ሐሳቡ አንድ ነው። ልጁ ታመመ፤ እንግዲህ ጥፋተኛው ይገኝ። ጥፋተኛውም ከሕፃኑ አፍ ውስጥ ተገኘ፤ ጥርስ ተባለ። በካራ ጥርሱ ሕዝብን ይጎዳል ተባለ፤ እኛ ዘንድ ልጁን ራሱን ይጎዳል ተባለ። ሁለቱም ጋ የተቀጣው ሕፃኑ ነው።

ጥርስ ካልተገኘ ደግሞ ሰው ይፈለጋል። «ዓይን ወጋው» ተብሎ ጎረቤት ይጠረጠራል። «የአንቺ ዘሮች በሽታ ነው» ተብላ ሚስት ትወቀሳለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ጾምሽን በደንብ ስላልያዝሽ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁትን ያስታውስ። ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ነበር። ጌታ ሁለቱንም አላለም። ጥፋተኛ ሊያሳያቸው አልፈለገም፤ ወደ ሰውየው ቀርቦ ዓይኑን ቀባለት እንጂ። ጥያቄያቸውን ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠው። «ማን አደረገው?» ከሚለው ወደ «አሁን ምን ይደረግለት?» ወሰዳቸው። የታመመ ልጅ በያዝንበት ሌሊት እኛም የሚጠቅመን ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አጽናኞች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ልጅ ወደታመመበት ቤት፣ ይልቁንም ልጅ ወዳረፈበት ቤት ስትሄዱ ከእነርሱ መልካሙን ብቻ ውሰዱ። እያንዳንዱ ሌሊት በፈውስ አይነጋም። ያልነጋላት እናት የምትፈልገው ምክንያት የሚቆጥርላት ሰው አይደለም፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ግራና ቀኝ፣ መቋሚያም

በማኅሌት ያደራችሁ ታውቃላችሁ። ካህናቱና ደባትሩ በግራና በቀኝ ተከፍለው ይቆማሉ። ቀኙ ሲያዜም ግራው ይጠብቃል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። አንዱ ወገን ብቻውን እስከ ንጋት ቢጮህ ድምፁ ይዘጋል፤ ማኅሌቱም ይቋረጣል። መቋሚያም አለ። ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ሰው መደገፊያ ሰጠችው። የተደገፈውን ሰነፍ ብሎ የሚነቅፈው የለም።

ባልና ሚስትም በልጅ ሌሊት እንደዚህ ናቸው። አባት ሆይ፣ «እኔ ነገ ሥራ አለብኝ» የምትለው ነገር እውነት ነው። እርሷስ ነገ ምን አላት? ልጁ ነገም አለ። ጡት ማጥባት ባትችል ትኩሳቱን መለካት፣ ውኃ ማፍላት፣ ለምለሙን መበጥበጥ፣ ሁለት ሰዓት አቅፎ መዞር ትችላለህ። ያን ሁለት ሰዓት እርሷ ትተኛ። ሐና በቤት የቀረችው ሕልቃና ስለፈቀደላት ጭምር መሆኑን አትርሳ።

ጎረቤት፣ እናት፣ አማት፣ እናንተ ደግሞ መቋሚያ ናችሁ። የጾም ምግብ ሠርታችሁ በሳሕን ማድረስ፣ ትልቁን ልጅ ለአንድ ቀን መውሰድ፣ ልብስ ማጠብ፣ ይህ ሁሉ መቋሚያ ማቀበል ነው። በገጠር ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድም እንዲሁ። አንቺም ብትሆኚ ሲሰጡሽ ተቀበዪ። «ለሰው አላስቸግርም» ማለት ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም።

አንድ የማይወራ ነገርም አለ። ሕፃን በጣም ሲያለቅስ ወላጅ ሊናደድ ይችላል። የሚያስፈራ ንዴት ነው፤ ጥሩ እናትም ጥሩ አባትም ይይዛቸዋል። ስሜቱ ስለመጣ ክፉ ሰው አትሆኑም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ልጁን መነቅነቅ አንጎሉን ሊጎዳው፣ ሊገድለውም ይችላል። ንዴቱ ሲመጣ ልጁን ከማይወድቅበት ቦታ በጀርባው አስተኙት፤ ጥቂት ደቂቃ ደጅ ወጥታችሁ ተንፍሱ፤ ፊታችሁን በውኃ አብሱ፤ ከዚያ ተመለሱ፤ ወይም ሌላውን ቀስቅሱ። ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ለሳምንታት የምታለቅስ፣ ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባት እናት ካለች ደግሞ ይህ ሕመም ነው። ለንስሐ አባቷም ለሐኪምም ትንገር። አታፍሪበት።

በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱ መትጋት አቅቷቸው ተኝተው ነበር። ጌታ ቢያዝንም ድካማቸውን አውቆ ተመልሶ ተመልሶ ወደ እነርሱ መጣ እንጂ ጥሏቸው አልሄደም። እናንተም ልጁን እንዳቀፋችሁ ካሸለባችሁ የሚያውቅ አለ።

እንግዲህ መልሱ

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ልጅ ታቅፈን ያነጋነው ሌሊት ከጾሙ ይቆጠራልን? ጾም ሰው ለገላው የሚያስፈልገውን ነገር ለፍቅር ብሎ መተው ነው። እንጀራን መተው ጾም ከሆነ፣ ገላ ከእንጀራ ባላነሰ የሚፈልገውን እንቅልፍን ለታመመ ሕፃን መተውም ከጾም ቤት የሚወጣ አይደለም። ነገር ግን በቁጣና በሐሜት የተበላ ምግብ የሌለበት ቀን እውነተኛ ጾም እንደማይሆን ሁሉ፣ በእርግማንና ጥፋተኛ በመፈለግ የነጋ ሌሊትም እንዲሁ ትጋት አይሆንም። ሌሊቱን ጾም የሚያደርገው ማየቱ ነው፤ ርኅራኄው ነው፤ ሸክሙን ተካፍሎ መያዙ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ በትንሣኤ ማግስት «ጾሙ አለፈኝ» አትበዪ። ወንድሜ፣ አንተም ኪዳን ቀረብኝ ብለህ ልጁን በክፉ ዓይን አትየው። ልጁ ሲድን ይዛችሁት ውጡ፤ ሐናም እንዲሁ አድርጋለች። እስከዚያው ደወሉ ሲደወል ልጁን እንዳቀፋችሁ አማትቡ። ከዚያም ትንፋሹን ቁጠሩ።

የታመሙትን ሕፃናት በምሕረቱ ይጎብኝልን። በየሆስፒታሉና በየጤና ኬላው ሌሊቱን የሚያነጉትን ያበርታልን። ልጃቸውን ላጡት መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።